የወይዘሮ ፀሐይነሽ ልክ

ይህ የሆነ ነው።

ተረት የምትፈልጉ ሌላ ጋ ሂዱ። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን ደግሞ አላየሁም እላለሁ።

ጊዜው ሐምሌ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ነው። ጣሊያን ደሴን ከያዘ ሦስተኛው ክረምት። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ደሴ፣ ጣሊያኖቹ ፒያሳ ማለት በጀመሩት ሰፈር፣ የሐጂ ኑርሁሴን የጨርቅ ሱቅ።

ሌሊት አልነበረም። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እኔም ዓይኔን ባላመንኩት...

በሺር እባላለሁ። ያኔ ትዳር ይዤ፣ ቤት ሠርቼ የምኖር ሰው ነበርኩ። ከእኔ ጋር ጋሽ ቀለሙ የሚባሉ ሽበታም ሰው ይሠሩ ነበር። ሁለታችን ነን። ከሐጂ በቀር ሌላ ሠራተኛ የለም።

ይህን ያዙልኝ። ሁለታችን ብቻ ነን።

የሱቅ ሥራ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው፣ ሰው አይደለም። ገዢው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

በጭቃ እግሩ ገብቶ ወለሉ ላይ እንትፍ የሚል አለ። ጣቃ በጣቃ ላይ አስወርዶ፣ ሁሉንም አስዘርግቶ፣ ሁሉንም በላብ እጁ አሻሽቶ፣ «እንዲያው ለማየት ነው» ብሎ የሚወጣ አለ። በቅሎ እንደሚነዳ በምላሱ ቀጭ እያደረገ የሚጠራችሁ አለ። ጠዋት ጣሊያን አለቃው በጥፊ ያለው፣ ከሰዓት በኋላ ያችኑ ጥፊ ይዞ መጥቶ እኛ ላይ የሚያራግፍም አለ።

ንቀት አንድ ወገን ብቻ ያለው ነገር ይመስላችኋል?

እኛም እንንቃቸው ነበር። እነሱ ጮክ ብለው፣ እኛ ዝም ብለን። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከሁሉም ግን ወይዘሮ ፀሐይነሽ ትብስ ነበር።

ባሏ ደምመላሽ ኮምቦልቻ ላይ ለጣሊያን መንገድ ሥራ አስተርጓሚ ነው። እሷ ጣሊያን ሳይመጣ እዚሁ ደሴ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። በርበሬ መሸጥ ነውር አይደለም። ነውሩ መርሳቱ ነው። ባሏ ሁለት የጣሊያን ቃል ቢያውቅ፣ እሷ ያወቀችውን አማርኛ ሁሉ ጣለችው። የቀሯት «አምጣ»፣ «ውሰድ» እና «አንተ» ብቻ ነበሩ።

አንድ ልማድ ነበራት።

የሚያስተናግዳትን ሰው ፊት አታይም።

ገና ስትገባ ለባንኮኒው ጀርባዋን ትሰጣለች። ወደ መንገዱ ትመለከታለች። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋና «አምጣ» ትላለች። እኛ ጨርቁን መዳፏ ላይ እናኖራለን። በጣቷ ታሻሸዋለች። ካልጣማት ወደ ኋላ ትወረውረዋለች። ሰው ፊት ላይ ይረፍ፣ መሬት ላይ ይረፍ፣ ግድ የላትም።

ዓመት ሙሉ ስትመላለስ፣ እኔን መንገድ ላይ ብታገኘኝ አታውቀኝም ነበር።

ያን ዕለት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። ሐጂ ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ወደ መስጊድ ወጥተዋል። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ገባች። ከኋላዋ አገልጋይዋ አባይነሽ ጃንጥላውን ይዛ ገባችና በሩ ጥግ ቆመች። አባይነሽ የወረባቦ ሴት ናት፣ የቢስቲማ። ለሁለታችንም ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች። እመቤቷ እንደ ልማዷ ጀርባዋን አዞረች።

መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጉም ብቻ። ከእኛ ፊት ጉሙን መረጠች።

«አምጣ» አለች።

ጋሽ ቀለሙ ጥሩውን አቡጀዲ አወረዱና መዳፏ ላይ አኖሩላት። ነካ አደረገችው። ወዲያው እጇን ነጠቀች።

«ምንድን ነው የሚኮሰኩሰኝ?»

«እጄ ነው እመቤቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጋሽ ቀለሙ። እጃቸው በብርድ የተሰነጣጠቀ ነበር።

«ደግሞ ያወራል» አለች ለጉሙ።

ጣቃውን ወረወረችው። የጋሽ ቀለሙን አገጭ መትቶ መሬት ወደቀ። አጎንብሰው አነሱት። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

«እዚህ ቤት» አለች፣ «ፊቱን የማላይ፣ ድምፁን የማልሰማ አንድ ሠራተኛ የለም?»



ከዚያ...

ከጓዳ ድምፅ ሰማሁ።

ክርርር...

ጣቃ ከመደርደሪያ ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ለዓመታት የሰማሁት ድምፅ ነው፣ አልሳሳትም።

እኔ ባንኮኒው ጋ ነኝ። ጋሽ ቀለሙ ባንኮኒው ጋ ናቸው። ሐጂ መስጊድ ናቸው። ጓዳው ደግሞ በእኛ በኩል ካልሆነ መግቢያ የለውም።

ልዞር ስል ጋሽ ቀለሙ የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«አትዙር» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ታዲያ...»

«ዝም በል በሺር።»

የጓዳው መጋረጃ ቀለበት ሲንሸራተት ሰማሁ። ማጅራቴ ላይ ብርድ አረፈብኝ። በእኔና በጋሽ ቀለሙ መሃል አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ነበር። ባዶ ቦታ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ከዚያ ቦታ ራቅ ራቅ አልን።

በዚያ ክፍት ቦታ፣ ባንኮኒው ላይ፣ አንድ ነጭ ጨርቅ ወደ ፊት ተንሸራተተ።

ቀስ ብሎ... ሰው በሁለት እጁ እንደሚገፋው።

እጅ ግን አላየሁም።

ጨርቁ የወይዘሮ ፀሐይነሽ መዳፍ ላይ ደረሰ። አሻሸችው። ትከሻዋ ዘና አለ።

«ይኸው» አለች። «ይኼ ነው ጨርቅ ማለት። ቁረጠው።»

ቅርጭ... ቅርጭ... ቅርጭ...

መቀሳችን አጠገቤ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አፍጥጬ አየሁት። አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ግን ይሰማል።

ያን ጊዜ አባይነሽን አየኋት። በእኔና በጋሽ ቀለሙ መሃል ታያለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በትሕትና፦

«እንደምን ዋሉ አባባ» አለች።

እመቤቷ ጨርቁን ብብቷ ስር አድርጋ ወጣች። አባይነሽ ልትከተላት ስትል በሩ ላይ ደረስኩባት።

«ማንን ነው ሰላም ያልሽው?»

«ሽማግሌውን ነዋ።»

«የትኛውን ሽማግሌ? ጋሽ ቀለሙን?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እሳቸውንማ ስገባ ሰላም አልኳቸው። በመሃላችሁ የቆሙትን ነው እንጂ።»



«ምን ይመስላሉ?»

«እንጃ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።»

«ወደ ግድግዳ ከዞሩ ጨርቁን እንዴት ሰጧት?»

እስከዚያ ድረስ ነገሩን አላሰበችውም ነበር። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«እጃቸው...» አለች። «እጃቸው ወደ እኛ ነበር።»

ከጉሙ ውስጥ «አንቺ!» የሚል ጥሪ መጣ። ሮጠች።

ጓዳውን ከጋሽ ቀለሙ ጋር ፈተሽን። ማንም የለም። ከመደርደሪያው አንድ ጣቃ አልጎደለም። ጨርቁ የተንሸራተተበት የባንኮኒ ጣውላ ግን ርሶ ነበር። ጠረግነው። መልሶ ረጠበ።

ሐጂ ሲመለሱ ነገርናቸው። ይስቁብናል ብዬ ነበር። አልሳቁም። እርጥቡን ጣውላ በጣታቸው ነኩና እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

«ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነው ሐጂ። ስስ። ጥለት የለው፣ ዘርፍ የለው።»

«እንደ ከፈን? ሬሳ እንደሚጠቀለልበት?»

ጋሽ ቀለሙ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሐጂ በለሆሳስ «አዑዙ ቢላህ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይነገራት» አሉ።

«ለእሷ?»

«ሰው አይደለችም?»

እውነቱን ልናገር፣ አላዘንኩላትም። የእሷን ቢጤ ሰው ጅብ ቢወስደው ጅቡን ነው የማዝንለት። ሐጂ ልቤን አወቁት መሰለኝ፦

«የናቀችህ እንደሆን ሒሳቡ ከአላህ ጋር ነው። አንተ አማና፣ አደራ አለብህ። የምታውቀውን ንገራት» አሉኝ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ዝናብ ነበር። አባይነሽ ሱቅ አልገባም ብላ ውጭ፣ በጣራው ጠፈጠፍ ስር ቆመች። እመቤቷ ገባች፣ ጀርባዋን አዞረች፣ እጇን ዘረጋች።

«እመቤቴ» አልኳት፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«አንተን አልጠራሁም። ያኛውን ጥራልኝ።»

«ያኛው የሚባል ሰው የለንም። ባለፈው የሰጠዎት ሰው የእኛ አይደለም። ማን እንደሆነም አናውቅም። ጨርቁም የእኛ አይደለም።»

ከት ብላ ሳቀች። «ቀናህ» አለች። «ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ቀናህ። አያወራ፣ አይሸት፣ አያቃስት። እናንተ ሁለታችሁ ተደምራችሁ የሱን ጣት አታክሉም።»

«እመቤቴ በአላህ ይዤዎታለሁ። አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይዩ። ከእኔና ከጋሽ ቀለሙ ሌላ እዚህ ሰው የለም።»

«እኔ?» አለች። «እኔ ለእናንተ ልዙር?»

ይህን አለች። ቃል በቃል ይህን አለች። ግማሽ ዙር አንገቷን ብታዞር ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ምናልባት ምንም። ምናልባት ግን ትተርፍ ነበር። አንገቷን ግን ለሱቅ ሠራተኛ ማጠፍ ከሞት ከበዳት።

ከጓዳ የመጋረጃው ቀለበት ተንሸራተተ።

ጋሽ ቀለሙ አማተቡ። እኔ ዓይኔን እሷ ላይ ተከልኩ። ሌላ የማየው ነገር አልፈለግሁም።

«መጣህ?» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ቀሚስ ነው የምፈልገው። በዚያው ጨርቅ። ለካኝ።»

ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች።

እጅጌዋ ክንዷ ላይ ተጣበቀ። ጨርቁ ጎደጎደ። አምስት ጣት ሲይዝ እንደሚጎደጉደው።

«አጥብቀህ አትያዝ... እጅህ ደግሞ ምን ቀዝቃዛ ነው።»

ጉድጓዱ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ከትከሻዋ ወደ ወገቧ። ከወገቧ ወደ ተረከዟ። ሐጂ የገዙት የመለኪያ ሜትር መሳቢያው ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በምን እንደሚለካት አላውቅም።

ከዚያ በራሷ ላይ ያለው ሻሽ ተጫነ።

«ራሴን ለምን ትነካለህ ደግሞ?» አለች። «ባርኔጣ አላዘዝኩም።»



ከራሷ ጫፍ እስከ ተረከዟ... በአንድ ጊዜ... በረዥሙ ለካት።

የልብስ ልክ እንደዚያ አይወሰድም። ጨርቅ የሸጠ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሰውን ከራስ ጫፍ እስከ ተረከዝ የሚለኩት ለምን እንደሆነ።

«እመቤቴ፣ ይውጡ» አልኳት። «አሁን ይውጡ፣ ቤትዎ ይሂዱ።»

«ይሄን ለፍላፊ ዝም አሰኝልኝ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለዚያኛው።

ማጅራቴን ብርድ ነካኝ። አንድ ነገር ወደ እኔ ዘወር እንዳለ ታወቀኝ። ከዚያ ተወኝ። እንደሱ ያለ ነገር ምሕረት ያውቅ እንደሆን አላውቅም፣ ግን ተወኝ።

«ሐሙስ ቤቴ ታመጣዋለህ» አለች ስትወጣ። «ኮምቦልቻ። በስድስት ሰዓት። የደምመላሽ ቤት ብትል ውሻም ያሳይሃል።»

ቤቷን በገዛ አፏ ነገረችው።

ጋሽ ቀለሙ ከሄደች በኋላ ባንኮኒውን ጠረጉ። በመጨረሻ «እኛ አልጠራነውም። እሷ ጠራችው፣ እሷው ቀጠረችው» አሉ። ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሱቁ አልተመለሱም።

ሐሙስ ሐጂ «ውረድና ለባልየው ንገረው» አሉኝ። እቃ በጫነ ካሚዮን ላይ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ የሚያቃጥል። እንዲህ ባለ ቀን ክፉ ነገር አይሆንም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቤቱ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ነው። አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ አጥር። ደምመላሽ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የጣሊያን ሲጋራ ያጨሳል።

«ከሐጂ ኑርሁሴን ሱቅ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ሌላው ሰውዬ መጥቷል እኮ። ሚስቴን ቀሚሱን እያስለካት ነው።»

«የእኛ ሰው አይደለም ጌታዬ። ይህንኑ ልነግርዎት ነው የመጣሁት። አይተውታል?»

ደምመላሽ ጭሱን ለቀቀ። «የሱቅ ሠራተኛ ምኑ ይታያል?» አለ። «በጓሮ ዙርና ጠብቅ። በረንዳዬን እንዳትረግጥ።»

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እነዚህ ከአንድ ገንዳ ነበር የተቀዱት።

በጓሮ ዞርኩ። ማድ ቤቱ ደጃፍ አባይነሽ ተቀምጣለች። ሳታየኝ አልቀረችም፣ ግን አልተነሳችም።

«እዚያ ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«በየት ገቡ?»

«እንጃ። ጠዋት ሳሎኑን ልጠርግ ስገባ ቆመው አገኘኋቸው።»

«ፊታቸው...»

«ግድግዳ።»

«ለምን ጥለሽ አልሄድሽም?»

«ለእኔ ክፉ አልሆኑም። ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከኋላ አየዋለሁ... ማጅራታቸው ዝቅ ሲል።»

ከሳሎኑ በር ጀርባ የወይዘሮ ፀሐይነሽ ድምፅ ይሰማል። ያው ድምፅ ነው። ያው ትእዛዝ።

«አንገቱ ጠበበ። አስፋው።»

ዝምታ።

«አስፋው አልኩህ እኮ። ትሰማለህ?»

ዝምታ።

«እጅጌው የታለ? እጄን በየት ላውጣ?»

ወደ በሩ ሄድኩ። አንኳኳሁ። «እመቤቴ፣ በሺር ነኝ፣ ከሱቅ» አልኩ። ስሜን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ጠይቃኝም አታውቅም።

«አንተ... እጄን በየት ላውጣ ነው የምልህ» አለች። ለእኔ አልነበረም። ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ተሰንጥቋል። አሁንም ታዛለች፣ ግን ትእዛዙ ልመና ልመና ይላል።

በሩን ገፋሁት። አልተከፈተም። ከውስጥ ሰው የተደገፈው ይመስላል።

«ዙር እስቲ» አለች።

አባይነሽ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ዙር። ፊትህን ልየው።»

ያቺ ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስተናግዳትን ሰው ፊት ለማየት ስትጠይቅ ያን ቀን ሰማሁ።

ከበሩ ጀርባ ወለሉ ሲንቋቋ ተሰማኝ። ከባድ እግር ቀስ ብሎ ሲዞር... አንድ... ከዚያ ሌላው...

ከዚያ ድምፅዋ መጣ። ሹክሹክታ ነው። ትንሽ፣ የልጅ የመሰለ ድምፅ።

«እርስዎ...» አለች።

ለገዛ አማቷ «አንተ» የምትል ሴት። ለሽበታሙ ጋሽ ቀለሙ «አንተ» የምትል ሴት። «እርስዎ» አለች።



ደምመላሽን ጠራሁት። እየተቆጣ መጣ። እኔን በክርኑ ገፍቶ በሩን በትከሻው መታው። ያን ሁሉ ስገፋው እምቢ ያለኝ በር፣ ክፍት እንደነበረ ሆኖ ተበረገደ።

ሳሎኑ ባዶ ነው።

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ሌላ በር የለም። ወንበሮቹ በቦታቸው ናቸው። ጫማዋ መሃል ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ቆሟል። ወለሉ ርጥብ ነው።

ደምመላሽ ከክፍል ክፍል ሮጠ። ተመለሰ። የሸሚዜን ደረት ጨመደደ።

«ሰውዬህ የት አባቱ ሄደ?»

«የእኛ ሰው አይደለም ብዬዎታለሁ።»

«ምን ይመስላል? ተናገር። ምን ይመስላል?»

«እርስዎ ቤት ነው የገባው ጌታዬ» አልኩት። «እርስዎ በረንዳ ላይ ተቀምጠው። ይንገሩኛ። ምን ይመስላል?»

አፉን ከፈተ። ሊናገር አሰበ። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ አፉን ዘጋው። እጁ ከሸሚዜ ላይ ወረደ።

አላየውም ነበራ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ አልተገኘችም። የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኜሪዎቹ፣ መጥተው ግቢውን ቆፈሩ፣ ወንዙን ዳር ዳር ፈለጉ። እኔን ጠይቀው ለቀቁኝ። አንዳንዱ ከጣሊያን መኮንን ጋር ኮበለለች አለ። አንዳንዱ አርበኞች ወሰዷት አለ። ሰው የወደደውን ይበል። አባይነሽ በዚያው ቀን ከእኔ ጋር ካሚዮን ተሳፍራ ደሴ ወጣች፣ ከዚያ ወደ ዘመዶቿ ወደ ቢስቲማ ሄደች። እኔም ሐጂን ተሰናብቼ እርሻዬን ያዝኩ።

ይህን ሁሉ ለብዙ ሰው ነግሬአለሁ።

ከግቢው ከመውጣታችን በፊት ያየነውን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ደምመላሽ መንገድ ላይ እየጮኸ ሰው ሲጠራ፣ አባይነሽ ከጓሮ በሹክሹክታ ጠራችኝ።

«በሺር... ና እስቲ።»

የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የወይዘሮ ፀሐይነሽ ቀሚሶች ሁሉ ተሰጥተዋል። ሐሩም፣ ከፈዩም፣ የሀገር ልብሱም። አንድም ሳይቀር።

«እኔ አላጠብኩም» አለች አባይነሽ። «ቅድም ሳልፍ ገመዱ ባዶ ነበር።»

ጠጋ ብዬ አየሁ።

የሁሉም አንገት ተሰፍቷል። እጅጌውም ተሰፍቷል። የታችኛው ጠርዝም ከዳር እስከ ዳር ተሰፍቷል። በነጭ ክር። እንደዚያ ያለ ደቃቅ ስፌት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንድ መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ አልቀረም።

ነፋስ አልነበረም። የአጥሩ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ቀሚሶቹ ግን ቀስ ብለው ይነፉና... ቀስ ብለው ይሟሽሻሉ። ሁሉም አንድ ላይ። እንደ ተኛ ሰው ደረት።

አባይነሽ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። «እንሂድ» አለችኝ። «እንሂድ በሺር።»

ስንዞር ነው የገመዱን ጫፍ ያየሁት።

እዚያ አንድ የወንድ ኮት ተሰቅሏል። የደምመላሽ ኮት። እጅጌዎቹ ተሰፍተዋል። ወገቡ ተሰፍቷል። አንገትጌው ግን እስከ ግማሹ ብቻ ነበር የተሰፋው።

መርፌው ከክሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር።